ሰው ፊት የተቆጠረ ውሃ

ኢንጂነሯ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ የታንከሩን ክዳን ከፈተችና ወደ ውስጥ አየች፤ ዓይኗን አላመነችውምና እንጨቱን አውርዳ ለካች። እንጨቱ ላይ አሥር ምልክት ተቀርጿል። ከሁለት ወር በፊት፣ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው የገቡ ዕለት፣ ውሃው አሥረኛው ምልክት ላይ ነበር። በእሷ ስሌት ዛሬም እዚያው መሆን ነበረበት፤ እንዲያውም ሞልቶ መፍሰስ ነበረበት። እንጨቱ የረጠበው ግን እስከ አራተኛው ምልክት ብቻ ነው።

«አራት» አለች ወደ ታች።

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ቧንቧ መሰላሉን በሁለት እጁ እንደያዘ። ቀና ብሎም አላያት።

ጋሽ ቧንቧ የመንደሯ ውሃ ጠባቂ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንድ ሰሞን መጠጥ ወስዶት ሚስቱም ሥራውም የውሃ ሽታ ሆነውበት ነበር። መጠጥ ከተወ አራት ዓመት ሞላው፤ ጎረቤቱ ግን ዛሬም ሰላም የሚለው መጀመሪያ አሽትቶት ነው። የታንከሩን ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሌላ ቁልፍ የለም፤ ሁለተኛ ማስቀረጽ የማንም ሐሳብ አልነበረም። እናም ውሃው ሲጎድል የሁሉም ዓይን የሄደው ወደዚያ አንገት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። መንደሯን ወረቀት ላይ የወለደቻት ኢንጂነሯ ናት። ከተማው ዳር፣ ከተዘጋ ብዙ ዓመት የሆነው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ፣ የሠራተኞቹ መኖሪያ የነበረ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ከጎረቤት ጋር ጨው መበዳደር ይቻላል። ሕንፃው ይፈርሳል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሲለጠፍ አርባ ቤተሰብ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም ከኮረብታው ሥር መሬት ተሰጠው። የተሰጠው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ከከተማው የውሃ መስመር አትጠይቁም፣ መብራት አትጠይቁም፣ ቆሻሻችሁን የሚያነሳ መኪናም አንልክም። በአጭሩ ራሳችሁን ቻሉ፣ እኛን ተዉን ነው ነገሩ።

እሷም ተቀምጣ ነደፈች። መብራቱ ከፀሐይ፣ የማብሰያው ጋዝ ከመጸዳጃው፣ አትክልቱ ልብስና ዕቃ በታጠበበት ውሃ። የድንች ልጣጭ እንኳ ሥራ ነበረው። በዚያ ንድፍ ውስጥ ሥራ ያልተሰጣቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ ናቸው ብለው ሰዎቹ ይቀልዱ ነበር። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ዛሬም ሰው ሲናገር ጣቱን እስኪያወጣ የሚጠብቁ ናቸው።

ውሃው ከኮረብታው ምንጭ ነው። ምንጩን ራሷ ለካችው። በበጋውም በክረምቱም በቀን መቶ ሃያ አምስት ጀሪካን ይሰጣል፤ አይጨምርም አይቀንስም። የቀረው ሰዎቹ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀሙ ማወቅ ነበር። ለዚህም ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አርባውን አባወራና እማወራ በፋብሪካው አሮጌ ካፌ ሰብስባ፣ ብዕሯን ይዛ፣ በዕጣ ቁጥራቸው ተራ እያስነሳች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች። «በቀን ስንት ጀሪካን ትጠቀማላችሁ?»

አንደኛው ዕጣ የደረሳቸው አሮጊቷ አዋላጅ ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹን ከእናቱ ሆድ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ሸማቸውን አስተካክለው ተነሡና «ለኔ ሁለት ይበቃኛል፤ ምን ሰፊ ቤተሰብ አለብኝ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ማን ወንድ ነው ስምንት የሚል! የስድስት ልጆች አባት ተነሥቶ «አራት» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከፊቱ ሁለት ሰው ዞር ብሎ አየውና «ሦስት በቂ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። የሰው ልብስ አጥባ የምታድረው ሴትዮ እንኳ «ሦስት» አለች። ልብሱን በምን እንደምታጥበው የጠየቃት የለም። ሠላሳ አንደኛዋ የኢንጂነሯ ታላቅ እህት ነበረች፤ እሷም «ሦስት» አለች፣ ኢንጂነሯም ጻፈች። ሲደመር መቶ አሥራ ዘጠኝ መጣ። ስድስት ጀሪካን ለእንግዳ ተረፈ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው «ልክክ አለ!» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ የከተማው ማኅተም ያረፈውም በዚያ ቁጥር ላይ ነው።

በየቤቱ ቆጣሪ ይገጠም የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። ሰው ተቆጣ። ተማምነን ልንኖር ነው ወይስ ልንሰላለል ተባለ። ቆጣሪውም ቀረ፣ ቧንቧውም በየቤቱ ገባ፤ ቧንቧው ቤት ሲገባ ይሉኝታ ደጅ ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ኢንጂነሯን ካፌው ውስጥ አገኟት። ንድፉን በካርቶን የሠራችበት ሰፊ ጠረጴዛ አሁንም እዚያው ነው። አርባ የካርቶን ቤቶች ተደርድረዋል፤ ታንከሩ ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን ነው።

«እሑድ ስብሰባ አለ» አሏት ቆመው። «የውሃውን ወረቀት ይዘሽ ነይ።»

«ለምኑ ጋሼ?»

«ለምስክርነት ነዋ። አሥራ ስድስት ቤት ቢበዛ በሦስት ጀሪካን አርባ ስምንት ነው። ከታንከሩ የሚወጣው ግን መቶ አርባ። ዘጠና ሁለት ጀሪካን በየቀኑ የት ይገባል? ውሃ የሚገዛው የድንጋይ መፍጫ ድርጅት ቦቴ በታች በኩል ሲያልፍ ያዩ ሰዎች አሉ።»

«ሲቀዳ ያዩ አሉ?»

«ልጄ፣ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። እንዴት ያለ ሰው እንደነበርም እናውቃለን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሰው መጨከን አልወድም። ግን በወሩ መጨረሻ ሕንፃው ይፈርሳል፤ ሃያ አራት ቤተሰብ መግባት አለበት። እህትሽም እዚያ ውስጥ ናት። ሌባ ይዘን ውሃ ለሃያ አራት ቤት እናድላለን? ጋሽ ቧንቧ ሦስት ቁጥር ቤቱን ያስረክብና ይሂድ።»

ሊቀመንበሩ ከወጡ በኋላ ኢንጂነሯ ሰማያዊዋን ክዳን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ብዙ ጊዜ ስታገላብጣት ቆየች። የራሷ ወረቀት በሰው ላይ ሊመሰክር ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ከተሳሳተ ዓመት ከመንፈቅ የለፋችበት ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። አንድ የምታውቀው ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለራሷም ልትነግረው አልፈለገችም።

አርብ ጠዋት ከጋሽ ቧንቧ ጋር የአሥራ ስድስቱንም ቤት መክፈቻ ዘግተው አንድ ሰዓት ጠበቁ። ከመሬት በታች የተሰበረ ቧንቧ ካለ ውሃው ይወርዳል። እንጨቱን አስገቡ፣ አወጡ፤ አልወረደም። እንዲያውም ምንጩ ጠብ ጠብ እያለ ትንሽ ጨምሮ ነበር። ኢንጂነሯ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«የሚያፈስ የለም» አለች።

«የለም። እኔ የገጠምኩት ቧንቧ አያፈስም።»

«ጋሼ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ አንተ ታውቃለህ።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ስትሰማው የመጀመሪያው ሳቁ ነው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ሰው ነዋ። ቧንቧ እኮ ይሰማል፤ ማን ቤት መቼ ተከፍቶ መቼ እንደተዘጋ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም? ሌባ ሊሉህ ነው እኮ!»

ቁልፉን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ስሚ እህቴ። ሠላሳ ዓመት የሰው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። ያየሁትን ገመና ላንዱ ላንዱ ባወራ ማን በሩን ይከፍትልኝ ነበር? አሁን ሰው መሐል ቆሜ የእገሌ ቤት አሥር፣ የእገሊት ቤት አሥራ ሁለት ልበል? አልልም። ሌባ ይበሉኝ። ሰካራምም ብለውኝ ነበር፤ እሱስ እውነት ነበር።»

«ቤትህን ይወስዱብሃል።»

«ከቤት መውጣት ለኔ አዲስ አይደለም» አለ፤ ነገር ግን ይህን ሲል ወደ ሦስት ቁጥር ቤት ዞሮ አየ። በረንዳው ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከላቸው ሦስት የቲማቲም ችግኞች ነበሩ። ኢንጂነሯም አየቻቸው።

ከዚያ ተነሥታ በቀጥታ አንድ ቁጥር ገባች። አዋላጇ በሩን የከፈቱላት እጃቸውን በፎጣ እያደራረቁ ነው። በጓዳቸው ማዶ ለማዶ አምስት ጀሪካን ተሰልፏል፣ ሦስቱ ሙሉ፣ ሁለቱ ባዶ፤ ከጎናቸው ደግሞ የተዘፈዘፈ አንሶላ።

«ውሃ ድንገት ቢጠፋ ብዬ ነው የማጠራቅመው» አሉ ዓይኗን ተከትለው። «ሌባው እስኪያዝ።»

«እማማ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ነው የሚጠቀሙት?»

«እኔማ… አምስት ይሆናል። ልብስ ያጠብኩ ቀን ስድስት።»

«ያኔ ሁለት ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ያኔማ ሰው ፊት ነዋ የጠየቅሽኝ!» አሮጊቷ ተገረሙባት። «አርባ ሰው ፊት አስነሥተሽ ስንት ልል ኖሯል? አርባ ዓመት ሳዋልድ እጄን በቀን ሃያ ጊዜ ስታጠብ የኖርኩ ሴት፣ በሁለት ጀሪካን? እጄስ እሺ ይለኛል?» መሣቅ ጀመሩ። ልጅቷ እንዳልሳቀች ሲያዩ ግን ፎጣውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «አንድ አሮጊት ብትዋሽ ምን ይጎድላል ብዬ ነው እኔ። ሌላው እውነቱን ተናግሮ የለም እንዴ?»

እንግዲህ ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ። አርባውም ሰው አንድ እኔ ባሳንስ ምን ይጎድላል ብሏል፤ አርባውም ጎረቤቱ እውነት የተናገረ መስሎታል። ከማኅበሩ ውስጥ ስስታም የለም፣ ሌባ የለም። ስግብግብ ሆነው ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉት ኖሮ ቤቱ በውሃው ልክ ታቅዶ ይሄኔ ውሃው ተርፏቸው ነበር። ያጠፋቸው ጨዋነታቸው ነው፤ ጨዋነታቸውን ደግሞ በብዕር ጽፋ ማኅተም ያስመታችበት ኢንጂነሯ ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኢንጂነሯ እንደ ወትሮዋ ጀሪካን ይዛ ከሕንፃው ግቢ ቦኖ ቀዳች። የምትኖረው እህቷ ጋ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ እሷና እህቷና ሦስት ልጆች በሁለት ክፍል። የእህቷ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ፈተና ባለፈች ቁጥር ደረጃ ላይ ቆማ እልል ያለችው ይህችው እህቷ ናት። አሁን ለዕዳዋ ያላት መክፈያ ውሃ መቅዳት ነው። በቀን ዘጠኝ ጀሪካን ይገባል። ስድስቱን እሷ፣ ሦስቱን እህቷ ትሸከማለች። አራት ፎቅ፣ ሰባ ሁለት ደረጃ፣ ስድስት ጊዜ።

አያችሁ? ቁጥሩን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር። እህቷ ካፌው ውስጥ «ሦስት» ስትል የኢንጂነሯ ትከሻ ከጠዋቱ ሸክም ገና ይጠዘጥዛት ነበር። ሦስት ብላ ጻፈች። የቀረውም ሰው እንደዚሁ እያሳነሰ መሆኑን ያን ዕለት ልቧ ነግሯታል። ነገር ግን ድምሩ ልክክ ሲል ማየት ፈለገች። አርባውም ቤት ወረቀቱ ላይ እንዲቆም፣ እህቷ ከዚያ ስንጥቅ ግድግዳ እንድትወጣ ፈለገች። ለራሷም በቧንቧ ሲገባ ሰው ይቆጥባል ብላ ነገረችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው።

እህቷ መሬት ላይ ተቀምጣ መጋረጃ ትዘመዝማለች። ዙሪያዋን የታሰሩ ካርቶኖች አሉ።

«ሚጣዬ፣ የሠላሳ አንድ ቁጥር መስኮት ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ አይደል? ከንድፍሽ ላይ ነው የለካሁት» አለቻት። «ምነው ፊትሽ? ታመሻል?»

ነገረቻት። ቆማ፣ ጀሪካኑን ሳታስቀምጥ፣ ሁሉንም። እህቷ መርፌዋን ይዛ ሰማቻት።

«ስንት ቤት ይችላል?» አለች በመጨረሻ።

«ሁሉም እውነቱን ተናግሮ፣ በጣም ቆጥቦ፣ በቀን አምስት አምስት ቢደርሰው ሃያ አምስት ቤት።»

«የኛ ዕጣ ሠላሳ አንድ ነው።»

«አዎ እትዬ።»

እህቷ ክሩን ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። «ዝም በይ።»

«እትዬ…»

«ዝም በይ አልኩሽ! እስክንገባ። አንዴ ከገባን ማን ያስወጣናል? ልጆች ይዘን መንገድ ላይ እንውደቅ? በወሩ መጨረሻ ይህ ሕንፃ ይፈርሳል፤ ኪራይ ስንት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ጋሽ ቧንቧን ሊያባርሩት ነው።»

«እሱ ብቻውን ነው፤ አንድ ሰው የትም ያድራል። ከራስ በላይ ነፋስ።» ይህን ከአፏ ስታወጣ ራሷም ደነገጠች መሰለኝ፣ መጋረጃው ላይ አቀረቀረች። ቆይታ ቀስ ባለ ድምፅ «ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ክፉ አስቤ አላውቅም። አንድ ጊዜ ባስብ ምናለበት?» አለች። ኢንጂነሯ ጀሪካኑን አስቀመጠችና ለሚቀጥለው ወረደች። ደረጃው ላይ አለቀሰች፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤት ሲያልፍ ላብ መስሎ እንዲታይ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፌው ሞላ። አሥራ ስድስቱ ከኮረብታው ወርደዋል፣ ሃያ አራቱ ከሕንፃው መጥተዋል። ጋሽ ቧንቧ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወንበር ነበር፣ ከጎኑ ግን የሚቀመጥ ስላልነበረ መቆሙን መረጠ። የኢንጂነሯ እህት መሐል ረድፍ ላይ መጋረጃዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። ከገባች ጀምሮ ወደ እህቷ አላየችም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ ነገሩ እንግባ። ቁልፍ ያዡ እዚህ አለ። መጀመሪያ ኢንጂነራችን ቁጥሩን ታንብብልን።»

ኢንጂነሯ ተነሣች። ወረቀቱን አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ፣ የካርቶን ቤቶቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህ ወረቀት የሚረባ አይደለም» አለች። «ውሃ የሰረቀ የለም። ቧንቧ የሚያፈስም የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ስንት ትጠቀማላችሁ ብዬ ሰው መሐል ጠየቅኋችሁ፤ እናንተም እንደ ጨዋ ሰው መለሳችሁልኝ። ጨዋ ሰው የሚመልሰውን ሳይሆን ቧንቧው የሚያወጣውን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ምንጩ፣ ሁላችንም በጣም ብንቆጥብ፣ የሚችለው ሃያ አምስት ቤት ነው።»

እህቷ እጅ ላይ ያለው መርፌ ቆመ።

አዳራሹ ውስጥ ጉድ ፈላ። ከሃያ አምስት በላይ ዕጣ ያላቸው ተነሡ። አንዱ «ሌባውን ለማዳን የፈጠርሽው ነው!» አለ፤ አንዷ ልጇን አቅፋ ዝም ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ፤ የካርቶን ቤቶቹ በተመቱ ቁጥር ይነጥራሉ።

«እኔ ሁለት ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ግን የሁሉም ጆሮ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ድምፅ ነው። አዋላጇ ተነሥተው ቆመዋል። «አምስት ነው የምጠቀመው። ልብስ ያጠብኩ ቀን ስድስት። በዚህ ዕድሜዬ ውሸቴን አርባ ሰው ፊት መናገር የኔ ዕጣ ሆነ፤ ይሁን። ያን ጊዜ ከኔ በኋላ ሦስት ሦስት ያላችሁ ልጆቼ፣ እስቲ አሁንም ከኔ በኋላ ተናገሩ።» ወደ በሩ ዞሩ። «አንተን ግን ልጄ፣ በሆዴ ሌባ ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

ጋሽ ቧንቧ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ጆሮው ቀላ።

ሊቀመንበሩ ምን እንደሚደረግ ስለጠፋባቸው የለመዱትን አደረጉ፤ ስም መጥራት ትተው የዕጣ ቁጥር ጠሩ። ሁለት። ሦስት። ጋሽ ቧንቧ «አራት ጀሪካን» አለ። የስድስት ልጆች አባት ተነሥቶ፣ እጁን እየጨበጠ እየፈታ፣ «አሥራ ሁለት» አለና የሆነ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ። የልብስ አጣቢዋ ተራ ሲደርስ «እኔን አትጠይቁኝ» አለች፤ ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀችና «አሥራ አምስት» አለች። ሳቁ ብዙም አልቆየም። ኢንጂነሯ እየጻፈች ነው። በየቁጥሩ አንድ የካርቶን ቤት ከጠረጴዛው ላይ የሚነሣ ይመስላት ነበር፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያይ አልነበረም። ከሃያ አምስት በላይ ዕጣ ያላቸውም ተራቸው ሲደርስ ተናገሩ፤ እያንዳንዱ የሚናገረው ቁጥር የራሱን በር የሚዘጋ መሆኑን እያወቀ። ሁለት ሰው ተነሥቶ ምንም ሳይናገር ወጣ።

«ሠላሳ አንድ» አሉ ሊቀመንበሩ።

እህቷ መጋረጃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተነሣች። መጀመሪያ ጋሽ ቧንቧን አየችው። ከዚያ ኢንጂነሯን አየቻት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ፀጉሯን ስትጎነጉንላት በነበረው ዓይን።

«ዘጠኝ» አለች። «ያን ጊዜም ዘጠኝ ነበር። ስድስቱን በጀርባዋ የምታወጣው እሷ ናት፤ ታውቅ ነበር። ሳትጠይቀኝ በፊት ታውቅ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የኢንጂነሯ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ተናዝዛለች፤ ይህን ግን አላለችም። ይህኛውን ለራሷ አስቀርታው ነበር።

«አዎ» አለች። «አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ጻፊው» አለች እህቷ። «ያኔ ሦስት ስል ብዕርሽ አልቆመም።»

ኢንጂነሯ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። እህቷ ተቀመጠች፤ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ መጋረጃውን አራት ቦታ አጠፈችው። ጋሽ ቧንቧ ከቆመበት ከበሩ አጠገብ መጥቶ አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ሁለት» አሉ ሊቀመንበሩ።